ጫማ ለእግር ወይስ እግር ለጫማ?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ስለ እግር መሆኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቼ እንደ ሳቁ ሰምቻለሁ። ባለፉት ምሽቶች እዚሁ ቦታ ቆመው የተናገሩት ሰዎች ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት፣ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ጽሑፍ ተናግረዋል። ከእነዚያ ከፍ ካሉ ጉዳዮች ወደ እግር መምጣት መውረድ መስሏቸው እንደ ሆነ አልፈርድባቸውም። ዳሩ ግን ስለ ዕድገት የተናገረውም ሰው ወደዚህ አዳራሽ የመጣው በእግሩ ነው፤ ሲናገር የቆመውም በእግሩ ነው። ጫማው ጠቦት እንደ ሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም። እኔም ዛሬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

እኔ የተወለድሁት ከሰቆጣ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የዋግ ኽምራ ደጋ ነው። የዋግን ምድር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ገደሉ፣ ኮረቱ፣ የግራሩ እሾህ ሁሉ የእግር ፈተና ነው። ሰቆጣ በጥንት ዘመን የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች፤ ያም ጨው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ሲጓዝ ነጂው ከኋላው በእግሩ ይከተል ነበር። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ጊዜ ብዙ የዋግ ሰው ወደ ኮረም የሄደው በእግሩ ነው። ዛሬም ውኃ የምትቀዳው ሴት፣ ፍየል የሚጠብቀው ልጅ፣ በሴፍቲኔት ሥራ ለእርከን የሚሆን ድንጋይ የሚሸከመው ገበሬ ቀኑን የሚውሉት በእግራቸው ላይ ነው። እንግዲህ የኛ አገር ሰው ከበሬው ቀጥሎ የሚተማመንበት ሀብት እግሩ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በልጅነቴ ለቤታችን ጫማ የሚገዛው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። አባቴ ወደ ገበያ ከመውረዱ በፊት ጭራሮ ያነሣና እግራችንን መሬት ላይ አስረግጦ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ይለካል፤ የተረፈውን ሰብሮ ይጥላል። የኔ ጭራሮ፣ የእኅቴ ጭራሮ፣ የታናሽ ወንድሜ ጭራሮ በኩታው ጫፍ ተቋጥረው ሰቆጣ ይደርሳሉ። እዚያም አባቴ ኮንጎ ጫማውን እያነሣ ጭራሮውን ውስጡ ያስገባል። ጭራሮው ከጎበጠ ጫማውን ይመልሳል፤ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢያሞግስለት አይሰማውም። ጭራሮ አይዋሽማ!

ይህን ያነሣሁት ስለ ድህነታችን ላወራ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረው አባቴ የሚያውቀውን አንድ ነገር እኛ የተማርነው እንደ ረሳነው ለማሳየት ነው። እርሱ ጫማን በእግር ይለካ ነበር፤ እኛ ግን እግርን በጫማ እንለካለን።

ማስረጃውን ከራሴ ልጀምር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ቤተ ሰቦቼ ፍየል ሸጠው ለጫማ የሚሆን ገንዘብ ሰጡኝ። እኔም በከተማ ያየሁትን ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ ጥቁር ጫማ መረጥሁ። እግሬ 42 ቁጥር ነው፤ በሱቁ የነበረው 41 ብቻ ነበር። ሻጩም «ግድ የለም፣ ይሰፋል» አለኝ። ወንድሞቼ፣ «ይሰፋል» የምትለዋን ቃል ያላመነ ተማሪ በመካከላችን ቢኖር እጁን ያውጣ። ጫማው ግን አልሰፋም፤ የጠበበው እግሬ ነበር። በመጀመሪያው ወር ሁለቱም ተረከዞቼ ውኃ ቋጠሩ፤ በሁለተኛው ወር የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ወለቀ። ከመማሪያ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ እያነከስሁ ነበር፤ ሰው ሲመጣ ግን ቀጥ ብዬ እራመድ ነበር። ጫማዬን የሚጠርገው ሊስትሮ ብቻ አንድ ቀን ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ይቺ ጫማ ከላይ ትስቃለች፤ ከታች ግን እያስለቀሰችህ ነው» አለኝ። በዚያ ዓመት ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ ይህ አጭሩና እውነተኛው ነበር።

ነገሩን በሳይንስ ብናየው የሰው እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉት። የሁለቱ እግሮች ሲደመር 52 ነው፤ ይህም ከመላው የሰውነታችን አጥንቶች ሩብ ያህሉ መሆኑ ነው። እነዚህ አጥንቶች በጅማት ተያይዘው ከስር እንደ ድልድይ ቅስት ይሠራሉ፤ ስንረግጥ ቅስቱ ዝቅ ይላል፣ ስናነሣ ይመለሳል። ጣቶቻችንም በምንረግጥበት ጊዜ መዘርጋት ይፈልጋሉ። ጫፉ የሾለ ጫማ ይህን ይከለክላቸዋል፤ አውራ ጣትን ወደ ሌሎቹ ጣቶች ይገፋዋል፤ ግፊያው ለዓመታት ከቀጠለ በአውራ ጣት ሥር ያለው መጋጠሚያ ወደ ውጭ ይወጣና ያብጣል። ከፍ ያለ ታኮ ደግሞ ተረከዝ ሊሸከመው የሚገባውን ክብደት ወደ ፊተኛው የእግር ክፍል ያወርደዋል፤ ቋንጃውንም ያሳጥረዋል። እኅቶቼ፣ ታኮ ጫማ አታድርጉ ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም። ለሠርግ ቀን የተሠራውን ጫማ ለዓመት ሙሉ መንገድ አታውሉት ማለቴ ብቻ ነው።

ደግሞም በተማሪዎች ታሪክ ውስጥ የፋሽን ጉዳይ ራሱን የቻለ ምዕራፍ እንዳለው አንዘንጋ። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በያኔው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ፤ ግጭት ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ተማሪዎቹ ያነሡት ጥያቄ፣ ይኸውም ገበሬው በባዶ እግሩ እየሄደ የባዕድ ጌጥ ለማን ነው የሚለው፣ ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ቀን ወደ ትርኢቱ የሚገቡ ሴቶች ተዋረዱ። አንድን ጫማ ወይም አንድን ቀሚስ ለመቃወም የለበሰችውን ሴት ማዋረድ ጥያቄውን ራሱን ያዋርደዋል። ስለዚህ እኔ የማንንም ጫማ አልሰድብም። የምጠይቀው፣ ጫማው የሚያገለግለው የባለቤቱን እግር ነው ወይስ የተመልካቹን ዓይን ብዬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አላሸነፈምን?» ሊለኝ ይችላል። በእርግጥ አሸንፏል! ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ጨርሶ ዓለምን አስደነቀ። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንስማው። በሮም የቀረበለት ጫማ ለእግሩ ልክ አልሆነለትም፤ ስለዚህ ከሚላጥ እግር የለመደው ባዶ እግር እንደሚሻለው ቈረጠ። ከ4 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ልኩ የሆነ ጫማ ከነካልሲው አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ገብቶ እንደገና አሸነፈ። እንግዲህ አበበ የናቀው ጫማን ሳይሆን የማይሆን ጫማን ነው። እኔ በ41 ቁጥር ጫማ ሳነክስ ያላስተዋልሁትን እርሱ በሮም አስተውሎታል።

ይህን ያህል የተናገርሁት ስለ ምቾት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ግን ስለ ጤናና ስለ ሰው ክብር ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከጎጃም የመጣ ልጅ ነበር። ትጉህና ዝምተኛ ነው። ሁልጊዜ ረጅም ሱሪ ይለብሳል፤ በሙቀትም ቢሆን ካልሲውን አያወልቅም። ሌሊት ሁላችን ከተኛን በኋላ በሳፋ ውኃ ይዞ ይገባና በጨለማ እግሩን ይታጠባል። እኛም «የኛ ክፍል በየቀኑ ጸሎተ ሐሙስ ነው» እያልን እናሾፍበት ነበር። ከሁሉ ይልቅ የምስቀው እኔ ነበርሁ፤ ስለ ጫማ ሳቅ ሊቅ ሆኛለሁና። አንድ ሌሊት ግን መብራቱን ሳላስበው አበራሁ። የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች ወፍረው፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሮ አየሁ። እርሱም ሳፋውን ሊሸፍን ሞከረ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ የእግሩ ማበጥ አይደለም፤ ያ ሽፋኑን የፈለገበት እጁ ነው።

በዚያ ሌሊት የነገረኝን በእርሱ ፈቃድ፣ ስሙን ሳልጠራ፣ እነግራችኋለሁ። በ15 ዓመቱ ገደማ፣ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲያርስ ከዋለ በኋላ እግሩን ያሳክከውና ያቃጥለው ጀመር። ቀጥሎም ጣቶቹ አበጡ። አንዳንዱ እርግማን ነው አለ፤ አንዳንዱ መተት ነው አለ፤ አንዳንዱም ይጋባል ብሎ ራቀው። በትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ሁሉ ጫማውን ሲያወልቅ እርሱ እግሩን ላለማሳየት ከግቢው ውጭ ቆሞ ያስቀድስ ነበር። ልብ በሉ! የክብር ምልክት የሆነው ጫማ ማውለቅ ለዚህ ልጅ የውርደት ሰዓት ሆነበት።

የበሽታው ስም በሐኪሞች ዘንድ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ በእኛ አነጋገር ዝሆኔ እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን ቃሉ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያም የሰውነት ፈሳሽ የሚመለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ ፈሳሹም መመለሻ አጥቶ እግሩ ያብጣል። በቆላ አገር ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ይህ የደጋው ግን ትንኝም ሆነ ተሐዋሲ የለበትም። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መቀመጥ፣ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት ማንንም አያሳምምም።

«በዘር ነው» የሚለው ወሬስ? በ2004 ዓ.ም. የታተመ የኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የሚደጋገመውም ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን አፈሩ እግር ካልነካ ዘሩ ብቻውን አያሳብጥም። የተጋለጠው ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ በሽታው አይጀምረውም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የጉዳዩን ስፋት ለማወቅ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. የተደረገውን አገር አቀፍ ቅኝት መመልከት ይበቃል። በዚያ ስሌት መሠረት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል፤ በሽታው የሚገኝባቸው ወረዳዎችም 345 ናቸው። በአማራ ክልል ብዙ ሕሙማን ያሉት ዝናብና ቀይ አፈር በበዛበት በጎጃም በኩል ነው። የኛ የዋግ ምድር ደረቅና ድንጋያማ ስለ ሆነ እግራችንን ይበልጥ የሚጎዳው እሾህ፣ ኮረትና የተረከዝ ንቃቃት ነው። ነገር ግን ይህ ለዋግ ሰው መኩሪያ አይሆንም። በንቃቃትና በእሾህ ቁስል አፈርና እበት ሲገባ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል፤ በዓይነ ምድር በተበከለ እርጥብ መሬትም የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ቆዳ ሰንጥቆ ይገባና ደም ይመጣል። እረኛው በአንገቱ ያንጠለጠላት ወረንጦ እሾሁን ታወጣለታለች፤ እነዚህን ግን አታወጣም።

ጓደኛዬ ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው አልነበረም። በዚያ በጨለማ ያደርገው የነበረው ነገር መድኃኒቱ ነበር። እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ በሐኪም በታዘዘለት መጠን ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ይዘፈዝፈዋል፤ በደንብ ያደርቃል፣ በጣቶቹም መካከል፤ ቅባት ይቀባል፤ ሲተኛ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ጠዋት ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ያደርጋል። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዲህ ያለው ቀላል እንክብካቤ እግሩ በድንገት እየጋለና እየቆሰለ የሚያስተኛበትን ጊዜ በአምስት እጅ አንድ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባት፣ ጫማ፤ ከዚህ ውስጥ ከባሕር ማዶ ካልመጣ የማይገኝ ምን አለ? ጓደኛዬ ይህን ሕክምና በጨለማ እንዲያደርግ ያስገደደው በሽታው አልነበረም። የኛ ሳቅ ነበር።

አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ከምግብ በፊት እግሩን ያጥቡት ነበር፤ ታናሽ የታላቁን፣ ባለቤት የመንገደኛውን። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። እግር ማጠብ እንዲህ የከበረ ሥራ በሆነበት አገር አንድ ተማሪ እግሩን ለመታጠብ መብራት እስኪጠፋ የሚጠብቅ ከሆነ የጎደለው ባህል አይደለም፤ ባህሉን የምናስተውልበት ልብ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። በመጀመሪያ፣ ጫማ ስንገዛ የሚከተለውን እናስተውል። እግር ወደ ማታ ጥቂት ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ መግዛት ይሻላል። ሁለቱ እግሮች ብዙ ጊዜ እኩል ስላልሆኑ የሚለካው ትልቁ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። በሱቅ ውስጥ የጠበበ ጫማ በመንገድ ላይ ይሰፋል ብለን አንመን። የፕላስቲክ ጫማ ላብ ስለሚይዝ ማታ ማታ ይታጠብና ይድረቅ፤ ካልሲም በየቀኑ ይለወጥ። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ እሾህ የማይበሳው ብርቱ ጫማ ነው፤ ማንም አይናቀው። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሰፈር ባቋቋመችው ሶልሬብልስ አማካይነት ይኸው የጎማ ሶል ባሕር ተሻግሮ ተሽጧል። ነገር ግን ክፍት ስለ ሆነ በቀይ አፈር አገር ለሚያርስ ሰው አይበቃም፤ እርሱ የሚያስፈልገው የተሸፈነ ጫማ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ሕመም ላይሰማው ስለሚችል በየቀኑ ውስጥ እግሩን በዓይኑ ይመርምር።

ሁለተኛ፣ ኅብረታችን በየመኝታ ሕንፃው አንድ የእግር መታጠቢያ ቧንቧ ከነሳሙናው በግልጥ ቦታ እንዲሠራ ለአስተዳደሩ ጥያቄ እንዲያቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ። በግልጥ ቦታ ያልሁት በስሕተት አይደለም።

ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ለገጠር ልጆች ጫማ እናሰባስባለን። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ባለፈው ጊዜ ከከመርነው ክምር ውስጥ ስንቱ ለልጅ እግር ይሆን ነበር? አንዳንዱ የሾለ፣ አንዳንዱ በሌላ ሰው እግር የተጣመመ፣ አንዳንዱም አንድ እግሩ ብቻ የተገኘ ነበር። እኛ የጠላነውን ጫማ ሰጥተን ስንመለስ ልጁ እንደኔ «ይሰፋል» እየተባለ ያነክሳል። ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደ ሰቆጣም ሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደየትም የምትሄዱ ሁሉ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ልኩን አምጡልን። ጭራሮ ርዝመቱን እንጂ ስፋቱን አይናገርም፤ ስለዚህ ልጁን በወረቀት ላይ አቁሙትና የሁለቱንም እግሮች ዙሪያ በእርሳስ ሥሩት። እርሳስ ባይኖር የአባቴን ጭራሮ ሁለት አድርጉት፤ አንዱ ለርዝመት፣ አንዱ ለስፋት። ኅብረቱም ገንዘቡን አዋጥቶ በዚያ ልክ ይግዛ፤ ከተቻለም በመርካቶ ሸራ ተራ ላሉት ጫማ ሠሪዎቻችን በዚያ ልክ ያሠራ።

ጓደኛዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። የት እንደ ተቀመጠ አልነግራችሁም፤ እናንተም ዘወር ዘወር ብላችሁ እግር አትፈልጉ። ይልቅስ ዛሬ ማታ ወደየክፍላችሁ ስትመለሱ ሳፋ ይዞ የሚገባ ሰው ብታዩ መብራቱን አታጥፉበት፤ ፎጣውን አቀብሉት።